ብልጭ የምትል ድመት

— ሄሎ… ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል? … የቱ ታምሩ? … እ… ጋሼ ታምሩ። እንደምን ዋሉ። … አይ፣ ድምፅዎ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ቁጥርዎን አጥፍቼው ነው። … ኅዳር ላይ። … በስህተት አይደለም፣ አውቄ ነው ያጠፋሁት። … ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።

— (ነዒማ፣ የስፌት መኪናዋን አንዴ አቁሚያት፣ አልሰማ አለኝ። … የሳሙኤል ወንድም ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ የወልቂጤው። … አዎ፣ ራሱ። ድመቴን በጆንያ ከትቶ የሄደው።)

— አለሁ፣ አለሁ። … ነዒማ ናት፣ አብራኝ የምትሰፋው። … ሥራ? ምን ሥራ አለ ብለው ነው ጋሼ ታምሩ። እርስዎ መጥተው ከሄዱ ወዲህ እኔ ጋ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። ነዒማ የራሷን ደንበኞች ባታመጣ ኖሮ ሱቁን ዘግቼ ነበር። … እንዴት አይሆንም? «ክፉ መንፈስ ያለበት ቤት» የተሰፋ ቀሚስ ለብሶ ማን ሰርግ ይሄዳል? … እኔ አይደለሁም ያልኩት። እርስዎ ነዎት። ሳሎኔ መሃል ቆመው፣ እጅዎን ዘርግተው፣ ለሐሙስ ጸሎት የመጣው ሴት ሁሉ እየሰማ።

— … አዎ፣ ቆይቷል። እኔ ዘንድ ግን አልቆየም። … ይሁን፣ ይተዉት። ለምን ደወሉ?

— ስለ ምን? … ይድገሙልኝ እስቲ፣ መስመሩ ይንሿሿል። … ስለ ድመት።

— (ነዒማ፣ ድመት አለ። … እኔ ምን አውቄ፣ እስቲ ቆይ።)

— እሺ… እናንተ ቤት ድመት አለ። ከመቼ ወዲህ? … «በቅርቡ»። ማን ሰጣችሁ? … «አንድ ሰው»። ደግ ሰው ነው። … እሺ፣ ምን ሆነች? … ስትነካ ምን ትላለች?

— …

— አለሁ፣ አልተቋረጠም። … እኔ አይደለሁም የምስቀው፣ ነዒማ ናት።

— እስቲ ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ብልጭ ትላለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ይታያል… ሰማያዊ… እሺ። ጠቅ የሚል ድምፅም አለው… እሺ። እትዬ ዘርፈሽዋልን አፍንጫቸው ላይ? … ወይኔ፣ ሊስሟት ሲሉ። እኚህ ሴትዮ ሲያሳዝኑ። ከባላቸው በላይ ድመቷን አምነው ነበር አይደል። … እርስዎስ ምን አደረጉ? ጸለዩላት? … እጅዎን ጫኑባት? … ባሰባት?

— አይ፣ አልስቅም አልኩዎት እኮ።

— ጋሼ ታምሩ፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል? መፍትሔውን እርስዎ አይደሉ የሚያውቁት። ጆንያ ነው። … ጆንያ እኮ ነው። የእህል ነጋዴ ቤት ጆንያ ጠፍቶ ነው? ከትተው፣ አፉን አስረው፣ ጉንችሬን አልፈው መጣል። የኔዋን እንደዚያ አይደል ያደረጓት? «እንዳትመለስ ሩቅ እጥላታለሁ» ብለው በሚኒባስ ጭነዋት ሄዱ። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ። … አልጮህኩም። ይሄ ድምፄ ነው።

— እ? … የድመቷ ብቻ አይደለም? ሌላስ ምን አለ? … የበሩ እጀታም ይነዝራል። ሶፋውም። … እርስዎም?

— ቆይ፣ ቆይ… እርስዎ ራስዎ? … እትዬ ዘርፈሽዋል ሰሃን ሲያቀብሉዎት፣ ጣት ለጣት ስትነካኩ… ጠቅ። አየህ… አንተ ልልዎት ነበር፣ ይቅርታ። … ጋሼ ታምሩ፣ ይህን ብዬ እንዳይቆጡኝ፤ እርስዎን በየትኛው ጆንያ እንክተት? የመቶ ኪሎው ይበቃል?

— (ነዒማ፣ በአላህ፣ ወጥተሽ ሳቂ። … ካውያውን ነቅለሽ ሂጂ፣ ጨርቅ ልታቃጥዪብኝ ነው።)

— ይዝለፉኝ፣ እሰማለሁ። … ጨረሱ? … አይ፣ አልዘጋም። እርስዎ እንዲህ ጨንቆዎት ሰምቼ አላውቅም፣ እንዴት እዘጋለሁ። ግን ምን ያስቸኩላል? በጋው እስኪወጣ ይታገሡ፣ ዝናብ ሲመጣ ይተዋል። … አይቻልም? ለምን? … ነገ? ነገ ምን አለ?

— ሽማግሌ? ለማን ነው ሽማግሌ የሚመጣው?

— … ለረድኤት።

— … አይ፣ ሰማሁ። ረድኤት ልትታጭ ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ። … በጣም ደስ ይላል። … የደወሉት ለዚህ አይደለም ግን። ለድመቷ ነው የደወሉት። ድመቷ ብልጭ ባትል ሽማግሌ መምጣቱን ማን ይነግረኝ ነበር? … «ልንነግርሽ ነበር» አይበሉኝ። ነገ እኮ ነው። ለልጅቷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ። ክረምት ክረምት እኔ ጋ መጥታ የምትከርም ልጅ። የአጎቷ ሚስት ናት ተብሎ አንድ ወንበር አይለቀቅልኝም? … እ? … «ሰው ምን ይላል» ብለው ነው። ሰውን ምን እንደሚል ያስተማረው ማን ሆነና።

— … እሺ። ልጁ የማን ነው? … የኢትዮጵያ? የኛዋ? የቡታጅራዋ ኢትዮጵያ?

— (ነዒማ፣ ተመለሽ፣ ነይ። ወንበሩን ሳቢልኝ። ሰማሽ? የሐሙስን ጸሎት ከቤቴ ነቅላ ወደ ቤቷ የወሰደችው ኢትዮጵያ የለችም? ልጇ የዚህን ሰውዬ ልጅ ሊያገባ ነው። ነገ ሽማግሌ ልትልክ። … ራሷም አብራ ትሄዳለች? እስቲ ልጠይቀው።)

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? እናትየዋም ትመጣለች? … እናት ከሽማግሌ ጋር መምጣት ከመቼ ወዲህ ነው? … ቤቱን ልታይ። እሱማ ከእሷ ይጠበቃል። … አሁን ገባኝ። አሁን ነው የገባኝ ጋሼ ታምሩ። ቀሚሷን ግማሽ ስፌት ላይ ከእጄ የወሰደች ሴት ናት እኮ። «ጋሼ ታምሩ ብልጭ የሚል ነገር ካለበት ቤት ራቁ ብሎናል» ብላ ነው። በቃልዎ አምና ነው። ነገ እርስዎ ቤት ትገባለች፣ ጫማዋን አውልቃ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ትራመዳለች፣ እጅዎን ስትጨብጥ… ጠቅ። … ልጇን ይዛ ነው የምትወጣው። ሽማግሌዎቹ ጥላቸውን እንኳ አያነሡም።

— … አዎ። … አዎ፣ አይገርምም? … አይ፣ አላለቀስኩም፣ እርስዎ ነዎት ድምፅዎ የተቀየረው።

— መድኃኒትማ አለው። … አውቃለሁ፣ አዎ። የእንስሳት ሐኪሙ ሳላሀዲን ነው የነገረኝ። ለእርስዎም መልእክት ልኬልዎት ነበር፤ «የበጋ ድርቀት ነው ብሏል ሐኪሙ፣ ድመቴን የት እንደጣሉ ብቻ ይንገሩኝ» ብዬ። ምን ብለው እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ? «ለመንፈስ የከብት ሐኪም ምን ይሠራል» አሉ። … ብለዋል። ያመጣው ሰው ቃል በቃል ነው የነገረኝ።

— እነግርዎታለሁ። ልነግርዎት ነው። ግን ድመቷን ሳላውቅ እንዴት መድኃኒት አዛለሁ? ምን ዓይነት ናት? … ግራጫ። ሆዷስ? … ነጭ። እሺ። ጆሮዋ ደህና ነው? … ቀኙ ምን ሆነ? … ይበሉት እንጂ። … ጫፉ የለም።

— …

— አለሁ። … አይ፣ ብዙ ድመት ጆሮው ይቆረጣል፣ ልክ ነዎት። የኔዋ የስፌት መኪና ቀበቶ ነው የቆረጣት፣ የእናንተዋ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። … አይ፣ ምንም አላልኩም። አሁን የት ናት? … መጋዘን። አይጥ ትጠብቃለች። … ጎበዝ። አይጡ አለቀላችሁ? … አለቀ። ደስ ይላል።

— እንግዲህ ይስሙኝ። መጀመሪያ የስልኩን ድምፅ ይልቀቁት፣ እስከ መጨረሻው። … አዎ፣ ላውድ ያድርጉት። ከዚያ መጋዘኑ በር ላይ መሬት ያስቀምጡት። … ጋሼ ታምሩ፣ ሐኪም ሲመረምር «ለምን» ይባላል? ያስቀምጡት።

— (ነዒማ፣ ትልቁን መቀስ አቀብዪኝ። … እሱን አይደለም፣ የሳሙኤልን። ጥቁሩን።)

— አስቀመጡት? … ማንም አይናገር።

— …ኳ… ኳ ኳ… ኳ…

— …

— ምን አደረገች? … ሮጣ መጣች። ከየት? … ከጆንያው ላይ ዘላ። … አሁን ምን ታደርጋለች? … ስልኩን ታሸታለች።

— መርፌ? … መርፌዬ? … እኔ ነኝ። … እኔ ነኝ የኔ እናት፣ አለሁ። … ሰማኋት። ነዒማ፣ ሰማሻት? ይሄ የሷ ድምፅ ነው። … እኔ ነኝ። … ነገ።

— …

— ስልኩን አያንሡት። ላውድ እንዳለ ይቆይ፣ መሬትም ላይ ይሁን ግድ የለኝም፣ ጎንበስ ብለው ይስሙኝ። ሳሙኤል ነው እሷን ያመጣት። ዝናብ ደብድቧት ቦይ ውስጥ አግኝቶ በጃኬቱ ብብት ይዟት ገባ። ስሟን መርፌ ያለው እሱ ነው፣ ጥፍሯ ቀሚስ ስለሚወጋ። ጨርቅ ሊቆርጥ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ሲያንኳኳ ከየትም ቢሆን ትመጣለች፣ ቁራጩ ላይ ልትተኛ። እሱ ከሞተ በኋላ እኔ መቀስ ባነሣሁ ቁጥር እየሮጠች መጥታ በር በሩን ታያለች። እኔ እሷን እጠብቃለሁ፣ እሷ ደግሞ እሱን። ሁለታችን እንደዚያ ሆነን ነው የኖርነው። ወንድምዎ ነው ጋሼ ታምሩ። የገዛ ወንድምዎ ድመት ናት።

— … አያቋርጡኝ። እርስዎ ኅዳር ላይ ብዙ ተናግረዋል፣ አሁን ተራው የኔ ነው። ጉንችሬ ሄጃለሁ፣ ያውቃሉ? «ከጉንችሬ ወዲያ ጣልኳት» ሲሉኝ አምኜ ሄድኩ። ገበያው መሃል፣ ከገበያው ወዲያ በየእንሰቱ ጓሮ፣ ይህንን መቀስ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ሰዉ ምን ትፈልጊያለሽ ሲለኝ… ምን ልበለው? ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ ይስቁብኛል። አንዲት ሴት ውሃ ሰጥታኝ «ማን ሞቶብሽ ነው» አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሄድኩት። እሷ ለካ እርስዎ መጋዘን ውስጥ አይጥ ታድናለች። … መንፈሱስ? መንፈሱ የት ሄደ? ወልቂጤ ሲደርስ ወረደ?

— … «ዘርፈሽዋል አይጥ አስመረራት»። እና ድመት ስጪኝ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ልጅ ስትወልድ አንዷን እሰጥዎት ነበር። ለእርስዎ ግን እሷ ብቻ አልበቃችዎትም። ድመቴን ወሰዱ፣ ስሜን ደግሞ አጥፍተው ሄዱ። ድመቷን ብቻ ቢሰርቁኝ ይሻለኝ ነበር።

— ማናት? … እትዬ ዘርፈሽዋል? እዚያው ነበሩ? … ሰሙ። … ጥሩ፣ መስማታቸው ጥሩ ነው። … ምን? … ለእሳቸው ምን ብለዋቸው ነበር? … «ሰብለ ወድዳ ሰጠችን»።

— (ነዒማ፣ ሰማሽ? ወድጄ ነው የሰጠሁት።)

— እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ደህና ዋሉ። … ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ፣ አያልቅሱ። … አይ፣ አልሰጠሁም። … አዎ፣ በጆንያ። … ለምስጋና ብለው? ቅቤ ልከውልኝ ነበር? … መቼ? … በእሱ እጅ። … አልደረሰኝም እትዬ። … ቅቤውም አልደረሰኝም።

— (ነዒማ፣ ቅቤም ነበረ።)

— ይቆጡት፣ እኔ እጠብቃለሁ። ካርድ አለኝ… ደዋዩ እሱ ነው ለነገሩ።

— …

— … ሄሎ? … አሁን ማን ነው? … ጋሼ ታምሩ። ድምፅዎ ቀነሰ። … ላውዱን እንዳያጠፉት። እትዬ ዘርፈሽዋል አጠገብዎ ይቁሙ፣ የምንነጋገረውን ይስሙ። … ኧረ አልበቀልም። ምን በቀል አለ? ቤተሰብ ነን።

— መድኃኒቱን? እነግርዎታለሁ። ለረድኤት ስል ነው። ልጅቷ በእርስዎ ምክንያት ከቤት አትቀርም። እትዬ፣ ይያዙልኝ። በጋው ነው ነገሩ። አየሩ ሲደርቅ፣ ፀጉሯም ሲደርቅ፣ ናይሎን ነገር ላይ ስትፋተግ ብልጭ ይላል። እሷ ምንም አላደረገችም፤ እሷንም እኮ ያማታል፣ በነዘራት ቁጥር ትደነግጣለች። … አዎ፣ ለዚያ ነው ስትነካ የምትሸሸው። ክፋት አይደለም። … ነገ ጠዋት እንግዳ ሳይገባ ሳሎኑን ውሃ ይርጩት። አንድ ትልቅ ሳፋ ሙሉ ውሃ ጥግ ላይ ያስቀምጡ። ያ የሚያብለጨልጨው የሶፋ ልብስ ይነሣና ጋቢ ይልበስ፣ የጥጥ። … እሷን አትጠቡ፣ ብርድ ነው። ፎጣ በውሃ ነክራችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቃችሁ፣ ከጀርባዋ ወደ ጭራዋ ቀስ አድርጋችሁ ማበስ። የምትጠጣው ውሃ አይጉደልባት። የሚነካት ሰው መጀመሪያ እጁን ያርጥብ፣ ወይም ቅባት ነገር ይቀባ፣ ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ፣ ብረቱን፣ ይንካ፤ ያለው ነገር ወደ ብረቱ ይሄድለታል። አፍንጫዋ ላይ አይጀመር፤ ጀርባዋ ላይ። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ይቅር፣ በባዶ እግር ይሻላል።

— … ምንጣፉ? ምንጣፉማ ናይሎን አይደል፣ ዋናው እሱ ነው ጋሼ ታምሩ። … አዲስ መሆኑን አውቃለሁ። … ለነገ ብለው እንዳነጠፉት አውቃለሁ። … ቆይ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።

— (ነዒማ፣ ቀረብ በይ። ኅዳር ላይ ለብሶት የመጣው ሰማያዊ ሹራብ ትዝ ይልሻል? አንቺ ነሽ «ንጹህ ናይሎን ነው» ያልሽኝ። መርፌ ጭኑ ላይ ወጣችበት፣ እሱ በዚያ ሹራብ እጅጌ ሲያሻሻት ቆየ፣ መብራት ጠፋ፣ ብልጭ። ከዚያ «ውጣ» እያለ እጁን በጫነባት ቁጥር እጅጌው እየፈተጋት ይብስ ነበር። ሳላሀዲን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። … አይ፣ ስለ ሹራቡ አልነገርኩትም። … አልነግረውም። ዝም በይ።)

— ሄሎ፣ ይቅርታ፣ ደንበኛ ገብታ ነው። … አዎ፣ አንድ ሁለት ደንበኛ አሁንም አለ። … አሁን የኔን ይስሙ። ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ። ድመቴን እወስዳለሁ። … ዛሬ ማታማ አልመጣም። … አይላኳት፣ በሰው አይላኳት። ነገ ነው የምወስዳት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ኢትዮጵያ ተቀምጣ። … እንዴት «ምን ያደርጋል»? ስትወሰድ በሰው ፊት ነው የተወሰደችው። ስትመለስም በሰው ፊት ነው።

— እኔ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ፣ ከእትዬ ዘርፈሽዋል ቀጥሎ። … እትዬ፣ ወንበር አለ አይደል? … ተባረኩ። … እንግዳው ቁጭ እንዳለ እርስዎ ከመጋዘን ይዘዋት ይገባሉ። በጆንያ አይደለም፣ በእጅዎ አቅፈው፤ እንደ ሕፃን። ሳሎኑን አቋርጠው መጥተው ለእኔ ይሰጡኛል። በቃ።

— … መናገር? እ፣ እሱን አስበውት ነው የሰጉት። አይ፣ እንዲያው ለይቅርታ ብዬ በልጅዎ ቀን አላስጨንቅዎትም። እንደዚህ እናድርግ። እትዬ ዘርፈሽዋልም ምስክር ይሁኑ። ድመቷን ይዘው ሲገቡ፣ ለእኔ ሲያስረክቡኝ፣ ምንም ብልጭ ካላለ፣ ምንም አይበሉ። ሰጠኋት ብለው ይቀመጡ። እኔም አፌን አልከፍትም። ብልጭ ካለ ግን፣ እዚያው ቆመው፣ ኅዳር ላይ በጮኹበት ድምፅ፣ «ይሄ መንፈስ አይደለም፣ የበጋ ድርቀት ነው፤ የሰብለ ቤት ምንም የለበትም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። … ሦስቱንም። … አዎ፣ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያም ብትሆን እጅዎን ስትጨብጥ አትደነግጥም፤ ለእርስዎም ይጠቅማል።

— … ያስቡበት። … አይ፣ ልክ ነዎት። ውሃው ከተረጨ፣ እሷም በፎጣ ከታበሰች ከየት ይመጣል። ምናልባት ምንም ላይል ይችላል። … ቃልዎ ነው? … እትዬ፣ ሰሙት? … በልጅዎ ፊት የተሰጠ ቃል ነው። ረድኤትም ሰማች? … ረድኤቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። … እመጣለሁ፣ እንዴት አልመጣም። … አንድ ቆንጆ ቀሚስ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ከነዒማ ጋር ዛሬ እንጨርሰዋለን። … አዎ፣ መርፌ ናት ስሟ። አንቺም አውቀሻታል አይደል? ክረምት አብራሽ ተኝታለች እኮ። … ለምን ዝም አልሽ ታዲያ? … አባትሽ «ትመሳሰላለች» አለሽ። እሺ። … ግድ የለም። አባትሽን ስጪኝ።

— ጋሼ ታምሩ፣ እንግዲህ ጨረስን። … አይ፣ አላዘንኩብዎትም። ሆዴ ቀለለኝ ብቻ። … ምንጣፉን? … እስቲ ይተዉት። አሁን ሳስበው እንግዳ ይመጣል፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው። ይነጠፍ፣ ያምራል። ሳፋው ካለ ይበቃዋል። … ሰፊ ነው ያሉኝ አይደል? … ከመጋዘኑ በር እስከ እኔ ወንበር ድረስ ይደርሳል። … ጥሩ፣ ጥሩ።

— (ነዒማ፣ አፍሽን በጨርቅ ያዢ።)

— ምን ልልዎት ነበር… እ፣ ሲገቡ እግርዎን እያነሡ አይርገጡ፤ ምንጣፍ ላይ ሰው ሲንጎማለል ይንሸራተታል፣ ድመት ይዘው እንዳይወድቁብኝ። ሳብ ሳብ እያደረጉ፣ ቀስ ብለው ይምጡ። … አዎ፣ እንደዚያ። … «ምን ልልበስ?» ወይ ጋሼ ታምሩ፣ ይሄን ደግሞ እኔን ይጠይቁኛል? … የልብስ ሰው ነኝ፣ እውነትዎን ነው።

— ያንን ሰማያዊ ሹራብ ይልበሱ። … ኅዳር ላይ የመጡበትን። … አዎ፣ እሱን። የጠዋቱ ብርድ ደግሞ አይቻልም። በጣም ነው የሚያምርብዎት። … ተባረኩ። … እሺ፣ ነገ እንገናኝ። … አሜን፣ ለሁላችንም። … እሺ። … እሺ፣ ቻው።